«ሚስ፣ ውሃው ሞላ!»

የዛሬው ደብዳቤ ከድሬዳዋ ነው፣ ከሳቢያን ሰፈር። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ፣ ስሟ እንዳይወጣ ስለጠየቀችኝም ትቼዋለሁ።

«ሰላም እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ። እድሜዬ 28 ነው። በዲፕሎማ ተመርቄ አንድ የግል ትምህርት ቤት ኬጂ ዋን ሳስተምር ይኸው ስድስተኛ አመቴ። ስራዬን በጣም ነው የምወደው፣ እሁድ ማታ ሰው ሁሉ ነገ ሰኞ ነው ብሎ ሲከፋው እኔ ለልጆቹ ምን ይዤላቸው እንደምሄድ ነው የማስበው። ችግሩ ሌላው ሰው ነው። ወንድሜ በርጫ ላይ ጓደኞቹ ስለኔ ሲጠይቁት "ልጅ ትጠብቃለች" ብሎ ይስቃል። እናቴ "ወይ ባንክ ግቢ ወይ ከፍ ያለ ክፍል አስተምሪና ሰው መምህር ይበልሽ" ትለኛለች። ዘንድሮ ደሞ ወላጆች ዳይሬክተሯ ጋ ሄደው "ልጆቻችን ሲጫወቱ ነው የሚውሉት፣ የጎረቤት ልጅ እስከ ዜድ ይፅፋል" ብለው ከሰሱኝና በየቀኑ ሶስት ገፅ አስፅፊ ተባልኩ። አምና አንድ ልጅ ነበረኝ፣ እቤቱ ሶማሊኛ ብቻ ነው የሚወራው፣ ከመስከረም እስከ ጥር ክፍል ውስጥ አንድ ቃል አልወጣውም፣ ሁሉም "ይሄ ልጅ ችግር አለበት" አሉኝ። አንድ ቀን ጥላ ስር በሳፋ ውሃ አድርጌላቸው በሃይላንድ ሲቀዱ ሲደፉ ዞር ብሎ "ሚስ፣ ውሃው ሞላ!" አለኝ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አሁን ባንክ የሚያስገባኝ ዘመድ ተገኝቷል፣ ደሞዙ ካሁኑ ከእጥፍ በላይ ነው፣ እስከ ሰኔ መልስ ስጪ ብሎኛል። እትዬ እውነቱን ይንገሩኝ፣ ሞኝ ነኝ?»

አቦ እህቴ፣ መጀመሪያ ይሄን አንቱታ ተይልኝ፣ የድሬ ልጅ አንቱ ብሎ ሲፅፍልኝ ወይ ገንዘብ ሊበደረኝ ነው ወይ በጣም ጨንቆታል ማለት ነው። አንቺ ደሞ ጨንቆሻል፣ ገባኝ።

ሞኝ አይደለሽም። ግን ዝም ብዬ አይዞሽ ብዬሽ አላልፍም ምክንያቱም ደብዳቤሽን ሶስቴ ነው ያነበብኩት፣ ሶስቴም ያስቆመኝ ያው ልጅ ነው፣ ባንኩም ወንድምሽም አይደሉም። እስቲ ያን ቀን ያየሽውን ነገር አብረን እንየው፣ አንቺ ያለቀስሽው በደስታ ነው፣ እኔ ግን ያለቀስሽበት ነገር ምን እንደሆነ ራሱ በደንብ አልገባሽም ባይ ነኝ፣ ቢገባሽ ኖሮ ዳይሬክተሯ ፊት አንገትሽን አትደፊም ነበር።

ያ ልጅ አምስት ወር ሙሉ ዝም ያለው ስላልተማረ አይደለም። በአንድ ቋንቋ አድጎ ሌላ ቋንቋ ወዳለበት ክፍል የገባ ህፃን ብዙ ጊዜ እንደዛ ያደርጋል፣ ለሳምንታት አንዳንዱም ለወራት አፉን ዘግቶ ጆሮውን ይከፍታል፣ የዘርፉ ሰዎች የዝምታ ጊዜ የሚሉት ነው፣ በሽታ አይደለም። (በሶማሊኛም ከናቱ ጋር የማያወራ ልጅ ቢሆን ነገሩ ሌላ ነው፣ እሱን ሃኪም ይየው። ያንቺ ልጅ ግን እቤቱ ወሬኛ ነበር ብዬ እወራረዳለሁ።) በዛ ዝምታ ውስጥ አማርኛ ሲሰበስብ ነው የከረመው። ከዛ ምን አለ? «ውሃ» ብቻ አላለም። ጠራሽ፣ የቱ ነገር እንደሆነ ለይቶ ነገረሽ፣ ምን እንደሆነም ነገረሽ፣ ግሱን ደሞ በትክክል አስሮ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው እኮ! በዛ ላይ «ሞላ» ለማለት ጎዶሎና ሙሉን ለይቶ ነው፣ ይሄ ሂሳብ ነው። ሶስት ገፅ ሙሉ ኤ ቢጽፍ ኖሮ ይሄ ሁሉ ይመጣ ነበር? ደሞ ልብ በይ፣ ያወራው ስታስወሪው አይደለም፣ እጁ ስራ ይዞ ማንም ሳያየው ነው። ያንን ሳፋ ጥላ ስር ያስቀመጥሽው ደሞ አንቺ ነሽ።

ችግርሽ ይሄ ነው እንግዲህ። ስራሽን ታውቂዋለሽ፣ ስራሽን ግን መናገር አትችይም። ወላጅ በር ላይ ቆሞ ሲያይ የሚታየው ሳፋና የራሰ ዩኒፎርም ነው፣ ምን ያድርግ? የጎረቤቱ ደብተር ግን ሶስት ገፅ ነው፣ ይቆጠራል፣ ለአያት ይታያል። አንቺ የሚቆጠር ነገር ስለማታሳዪ የሚቆጠረው ያሸንፍሻል።

እኔ ለ22 አመት ሃይስኩል ባዮሎጂ አስተምሬ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ በማውቀው ልግባ። የእጃችን አንጓ ላይ 8 ትናንሽ አጥንቶች አሉ አይደል፣ ህፃን ሲወለድ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዳቸውም ገና አጥንት አልሆኑም፣ ለስላሳ ልምአጥንት ናቸው፣ ኤክስሬይ ብታነሺው እዛ ቦታ ላይ ባዶ ነው የሚመስለው። ከዛ አንድ በአንድ እየጠነከሩ ይመጣሉ፣ የመጨረሻዋ ትንሿ ከ9 እስከ 12 አመት ድረስ ልትቆይ ትችላለች። የአራት አመት ልጅ እጅ ማለት ገና ግማሹ ያልተሰራ ቤት ነው፣ የጣቶቹ ጡንቻም እንደዛው ገና ነው። እርሳስ አስጨብጠሽ ሶስት ገፅ ስትይው በክንዱና በትከሻው ነው የሚገፋው፣ ለዛ ነው ወረቀቱ የሚቀደደው፣ ለዛ ነው ምላሱን አውጥቶ የሚያልበው። ሃይላንድ ሲከድንና ሲከፍት፣ ሊጥ ሲያድበለብል፣ የሮቃ (የሁመር) ፍሬ በሁለት ጣቱ እየለቀመ ቆርኪ ውስጥ ሲጨምር ግን እጁን ለፅህፈት እያዘጋጀው ነው። ይሄን ለወላጅ ነግረሽው ታውቂያለሽ? አልነገርሽውም፣ እኔም ባንቺ ቦታ ብሆን አልነግርም ነበር፣ ይሄ የሚነገር አይመስልማ።

እውነቱን ልናገርና ልገላገል፣ እኔም ከወንድምሽ አልሻልም ነበር። የመምህራን ስብሰባ ላይ የኬጂዎቹ መምህራን ከኋላ ሲቀመጡ እነሱ ደሞ ምን አጀንዳ አላቸው እያልን ሻይ ቡና እናወራ ነበር። ያስተማረኝ የገዛ ልጄ ነው። ከተማችን ውስጥ ጥሩ ስም ያለው ቦታ ነበር ያስገባሁት፣ በየቀኑ ሆምወርክ፣ ሁለት ገፅ ሶስት ገፅ፣ እኔ ደሞ ደስ ብሎኝ ለጎረቤት ሁሉ ደብተሩን አሳይ ነበር። አንድ ቀን ደብተሩ ጠፋ፣ ቤቱን አገላብጠን አጣነው፣ ከሳምንት በኋላ ፍራሽ ሳነሳ ከስር አገኘሁት፣ አራት ደብተር! እየጠፋበት አልነበረም ለካ፣ እየቀበራቸው ነው። አምስት አመቱ ነበር። እስካሁን ፎርም ሙላ ሲባል ፊቱ ይለወጣል።

ስለዚህ ወላጆቹን ጥሪያቸው። ዳይሬክተሯን አስፈቅጂና አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሰዓት ተኩል ብቻ፣ ፀሃዩ ሳይበረታ። ንግግር እንዳታደርጊ! ወረቀትና እርሳስ አድዪና ሁሉም በግራ እጁ (ግራኝ የሆነ በቀኝ) ከኤ እስከ ዜድ አንድ ገፅ ይፃፍ፣ አንቺ ደሞ ከላይ ሆነሽ «ቶሎ በሉ፣ የጎረቤት ልጅ ጨርሷል» በያቸው። ይስቃሉ፣ ከዛ ያማቸዋል፣ ከዛ አንዱ አባት ብሽቅ ብሎ እርሳሱን ይጥላል። ያኔ ነው ስለአጥንቱ የምትነግሪያቸው፣ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ከዛ ተነሱ በይና ሳፋው ጋ፣ ሮቃው ጋ፣ እቃ እቃ የሚጫወቱበት ጥግ ጋ አዙሪያቸው፣ እያንዳንዱ ጋ ቆመሽ ልጅ እዚህ ምን እንደሚማር አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ። እቃ እቃ ሲጫወት «አንቺ እናት ሁኚ፣ እኔ ባለሱቅ» ሲል ተራ መጠበቅ፣ ዋጋ መደራደር፣ የሌለ ነገር ማሰብ ምናምን ሁሉ እዛ ውስጥ ነው። የቀፊራ ገበያ ነጋዴ የሆነች እናት ካለች ደሞ እሷ ካንቺ በላይ ታስረዳልሻለች።

አንዱ ተነስቶ «እኛ ድሮ እንደዚህ አልነበረም የተማርነው» ማለቱ አይቀርም። እሱን ደስ እያለሽ መልሺለት። ቄስ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ መጀመሪያ ብዕር አልያዘም፣ ፊደል *ቆጠረ* ነው የሚባለው፣ በስንጥር እየጠቆመ በዜማ እየጮኸ፣ 33ቱን ፊደላት በሰባት በሰባት 231 አድርጎ በጆሮውና በአፉ ጨርሶ ነው ወደ ሌላው የሚያልፈው። ቁርአን ቤትም ልጁ በዜማ ሰምቶ እየደገመ ነው ቃሉን የሚይዘው። ዱላው ይቅርብን እንጂ ቅደም ተከተሉን አያቶቻችን አውቀውበታል። ፊንላንዶች ደሞ ልጅ አንደኛ ክፍል የሚያስገቡት በ7 አመቱ ነው፣ ማንበብ ያልቻለ ህዝብ አልሆኑም።

ዳይሬክተሯን በሚመለከት ትንሽ ልከራከርላት ነው። እሷ ክፉ አይደለችም፣ ወላጅ ልጁን ይዞ ከወጣ ክፍያው ይሄዳል፣ ያንቺም ደሞዝ እዛ ውስጥ ነው። ስለዚህ «አላስፅፍም» ብለሽ አትግቢባት። የ1986ቱን የትምህርትና ስልጠና ፖሊሲ ይዘሽ ግቢ፣ አሁን በአዲስ ቢተካም እዛ ላይ ሙአለ ህፃናት የሚያተኩረው በልጁ ሁለንተናዊ እድገት ላይ ነው ይላል፣ ሶስት ገፅ የሚል ነገር የለውም። በ2002 ደሞ ትምህርት ሚኒስቴር፣ ጤና ጥበቃና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር ሆነው የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ አወጡ፣ ዜሮ ክፍል እየተባለ በየመንግስት ትምህርት ቤቱ የተስፋፋው ከዛ ወዲህ ነው። አዲሱም ስርአት ከአንደኛ ክፍል በፊት ሁለት አመት ቅድመ አንደኛ ብሎ አስገብቶታል። ይሄን ካልሽ በኋላ ድርድር ነው፤ ሶስት ገፁ አንድ መስመር ይሁን፣ በቾክ ሲሚንቶ ላይ ይሁን፣ በአሸዋ ላይ በጣት ይሁን፣ በየአርብ ደሞ በኮሚኒኬሽን ቡክ ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ መስመር ልፃፍ በያት። «ዛሬ እስከ 6 ቆጥሮ ለጓደኛው ሶስት አካፈለ» አይነት፣ ቀን ያለው። ለወላጅ የሚታይ ነገር ስትሰጫት እሷም ትንፋሽ ታገኛለች። እምቢ ካለችሽስ? እምቢ ልትል ትችላለች። ያኔ የምትለይው ስራሽን ሳይሆን ያንን ግቢ ነው፣ ሁለቱን እንዳታምታቺ።

አሁን ወደ ወንድምሽ። ይሄ ሰውዬ እህቱን የሚያሾፍባት የገዛ ከተማውን ሳያውቅ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው ዘመናዊ ሙአለ ህፃናት የት ተከፈተ በይው እስቲ። አዲስ አበባ ይልሻል። ድሬዳዋ ነው! ስለቅድመ መደበኛ ትምህርት ታሪክ የተፃፉት ፅሁፎች እንደሚሉት በኛ አቆጣጠር በ1890ዎቹ ከምድር ባቡሩ ስራ ጋር ለመጡት ፈረንሳዮች ልጆች ነው የተከፈተው። ለኛ ልጆች አልነበረም እሱ ሌላ ጉዳይ ነው (እኔን ሁሌ ያናድደኛል፣ ከዚራ ዛፍ ስር ስሄድ ትዝ ይለኛል)፣ ግን ፈረንሳዩ ሃዲዱ ሳያልቅ ለልጁ መዋያ አስቦ ነበር። ስሙም ራሱ ይሄው ነው፣ ሙአል ማለት በግእዝ መዋያ ነው፣ ህፃናት የሚውሉበት። ጀርመናዊው ፍሮበል ደሞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1837 የጀመረውን ቤት በኋላ ኪንደርጋርተን አለው፣ የልጆች አትክልት ስፍራ፣ የሚሰጣቸው እቃ ምን ነበር መሰለሽ፣ የክር ኳስና የእንጨት ኩብ። ማሪያ ሞንቴሶሪ ሃኪም ነበረች፣ በ1907 ሮም ውስጥ የድሃ ሰፈር ልጆች ይዛ ነው የጀመረችው። ሃኪም ሆና ልጅ ስትይዝ ዘመድ ጎረቤቱ ምን እንዳላት አላውቅም።

እናትሽን ግን በታሪክ አትሙገቺያት። እናትሽ የምትፈራው ስም አይደለም፣ እርጅናሽን ነው። እሷ ጋ የሚገባው የገንዘብ ነገር ነው፣ ወደሱ እየመጣሁ ነው።

አንድ ጥናት ግን ሳልነግርሽ አላልፍም ምክንያቱም ላንቺ የሚጠቅምሽ አንድ ነገር አለው። አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ ይፕሲላንቲ የምትባል ከተማ በፈረንጆቹ 1962 ጀምረው 123 የድሃ ቤተሰብ ህፃናት ወሰዱ፣ 58ቱን ጥሩ ኬጂ አስገቧቸው፣ 65ቱን አላስገቧቸውም፣ ከዛ 40 አመት እስኪሞላቸው ተከታተሏቸው። የተማሩት በአማካይ የተሻለ ገቢ አገኙ፣ ሃይስኩል የጨረሱት በዙ፣ የታሰሩት አነሱ። እዚህ ድረስ ብዙ ሰው ያወራዋል። የማያወሩት፣ የልጆቹ የአይኪው ውጤት መጀመሪያ ከፍ ብሎ አንደኛ ሁለተኛ ክፍል አካባቢ ሲደርሱ ልዩነቱ ጠፍቷል። ማለት በአይኪው ፈተና የሚለካው ነገር በኖ የቀረው ሌላው ነው፣ መጠበቅ መቻል፣ የጀመሩትን መጨረስ፣ ከሰው ጋር መስራት ነው ይላሉ። ያ ነው እንግዲህ ሳፋው ጋ የሚሰራው። እና ደሞ መምህራኖቹ የሰለጠኑ ነበሩ፣ በየሳምንቱ ልጁ ቤት ይሄዱ ነበር፣ እንደ መምህር ይከፈላቸው ነበር። ልጅ ጠባቂ አልነበሩም።

ክፍያ ካልን እንግዲህ። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆጣሽ ነው። ደብዳቤሽ ውስጥ «ስራዬን እወደዋለሁ» የሚለው አምስት ቦታ አለ (አሳጥሬው ነው)፣ ጭማሪ ጠይቄ የሚል ግን አንድም ቦታ የለም። ስድስት አመት! ፍቅርሽን አይተው በቅናሽ እየገዙሽ ነው። ቻርቱን በራስሽ ብር፣ ቀለሙን በራስሽ ብር፣ እሁድ ማታሽን በነፃ። ልጅ መውደድና በርካሽ መስራት አንድ ነገር የሆኑት ይሄን ስራ ሴት ስለምትሰራው ነው፣ የፊዚክስ መምህር ፊዚክስ ስለምትወድ ደሞዝህን እንቀንስ አይባልም።

ስለዚህ ባንኩን እንደ ፈተና ሳይሆን እንደ ቁጥር ተጠቀሚበት። ወረቀት አውጪና ፃፊ፣ የቤት ኪራይ፣ ለናትሽ የምትሰጫት፣ ባጃጅ፣ ምሳ፣ ቁጠባ። በወር ስንት ካላገኘሽ አትኖሪም? ያንን ቁጥር ይዘሽ ዳይሬክተሯ ጋ ግቢ፣ ከወላጆቹ ስብሰባ *በኋላ* እንጂ በፊት እንዳይሆን። የባንኩን ደሞዝ ያህል እንደማትሰጥሽ ሁለታችሁም ታውቃላችሁ፣ ግን ስድስት አመት የቆየች ኬጂ መምህር በመስከረም መተካት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ማስጠናት የለመድሽ ከሆነ ደሞ ከሰዓት በኋላው አለ፣ ደብተር ማስገልበጥ ሳይሆን ያንቺኑ አይነት፣ አራት አምስት የሰፈር ልጅ ሰብስበሽ ሳፋሽን ይዘሽ፣ ወላጅ ይከፍላል፣ የድሬ ወላጅ ከሰዓት በዛ ሙቀት ልጁን የሚይዝለት ካገኘ ምርቃት ጨምሮ ነው የሚከፍለው። ዲፕሎማሽንም በክረምት ወይ በማታ ወደ ዲግሪ የምታሳድጊበት መንገድ ካለ ጠይቂ፣ በቅድመ ልጅነት ትምህርት ይሁን ግን፣ ባገኘሁት ብለሽ ማኔጅመንት እንዳትመዘገቢ በናትሽ።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ ቁጥሩ ካልሞላ ባንክ ግቢ። በግልፅ ነው የምልሽ፣ እናቷን ማሳከም ያቃታት ጥሩ መምህርት ከምትሆኚ ሁለት አመት ካውንተር ላይ ቁጭ ብለሽ ገንዘብ ይዘሽ ብትመለሺ አልፈርድብሽም፣ ሰው ከፈረደብሽም ወደኔ ላኪው። ወንድምሽ አሳፍሮሽ ከወጣሽ ግን እሱን አልቀበልሽም፣ እሱ በሳቀ ቁጥር ስራ ልትቀይሪ ነው? ባንክም ብትገቢ «ብር ትቆጥራለች» ብሎ ይስቃል፣ እኔ እንደነዚህ አይነት ወንድሞች ሶስት አሉኝ።

ከፍ ያለ ክፍል አስተምሪ ላለችሽ እናትሽ ደሞ ከኔ የተላከ ነው በያት፣ 22 አመት ዘጠነኛ ክፍል ያስተማረች ሴት እንዲህ አለች፣ እኔ ጋ ሲደርሱ ብዙው ነገር አልቋል። ጥያቄ የሚጠይቀውን ልጅና የማይጠይቀውን በመጀመሪያው ሳምንት ነው የምለየው፣ የማይጠይቀውን ለማስጠየቅ አመቱን ሙሉ ለፍቼ ሁለት ሶስት ልጅ ቢሳካልኝ ነው። አንቺ ጋ ግን በአንድ ሳፋ ውሃ።

ሰኔ ሳይደርስ አንድ ስራ ልስጥሽ። ያ ልጅ ዘንድሮ ኬጂ ቱ ነው አይደል፣ ከክፍልሽ ሁለት በር ቢርቅ ነው። በእረፍት ሰዓት ሻይሽን ያዢና ግቢ ውስጥ ቁጭ ብለሽ ሳያይሽ ስሚው፣ ከማን ጋር በምን ቋንቋ እንደሚያወራ፣ ኦሮምኛም ጀምሮ እንደሆነ፣ እንደሚሟገት፣ ማንን አዲስ ልጅ እንደሚያጫውት። የሰማሽውን ቀኑን ፅፈሽ ያዢው፣ ለወላጆች ስብሰባ የመጀመሪያው ወረቀትሽ እሱ ነው። ለኔም ላኪልኝ፣ አንቱ ሳትይ።